«ስድስት ወር አላችሁ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ፦ መኪናን ከጀርመን ወደ ብሪታኒያ ይዞ ስለ መግባት

መኪናቸውን ይዘው ከጀርመን ወደ ብሪታኒያ ለሚዛወሩ ኢትዮጵያውያን የተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ ወገንን ለመርዳት ብለው እንደጻፉት ግን ከቃላቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ሲጠቃለል የሚለው የሚከተለውን ነው፦ በጀርመን ታርጋ ስድስት ወር መንዳት ይቻላል፤ የጀርመኑ መድን እስከዚያው ይሸፍናል፤ መኪና እንደ ቤት ዕቃ ስለሚቆጠር ጉምሩክ አያስከፍልም፤ የጀርመን የቴክኒክ ምርመራ ያለው መኪና ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ መድን ከተገባ በኋላ ቤተሰብ ሁሉ ሊነዳው ይችላል፤ አረቦን የሚያስቀንሰው ያለ አደጋ የተነዳበት ዘመን ድንበር ስለማይሻገር ከዜሮ መጀመር ግድ ነው፤ ካልተመቸም ሸጦ መገላገል ነው። እኔ ይህንኑ መንገድ በ2022 ከፍራንክፈርት ተነሥቼ ሄጄበታለሁ፤ ከሰባቱ ነጥቦች ውስጥ እንደ ተጻፈ ሊወሰድ የሚችል አንድም አላገኘሁም። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስህተቶቹ አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስለኛል። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የተሰጠው የሽግግር ጊዜ ያበቃው ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። እስከዚያ ዕለት ድረስ ያገለገለ የግል መኪናን ከፍራንክፈርት ወደ ለንደን መውሰድ፣ በቀረጥ ረገድ ወደ ፓሪስ ከመውሰድ አይለይም ነበር። ከዚያ በፊት የገቡ ወዳጆቻችን ቡና ላይ ተቀምጠው የሚነግሩን የዚያን ጊዜውን ነው፤ አልዋሹም፤ ነገር ግን እነሱ ከገቡ በኋላ ሕጉ ተለውጧል።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ስድስት ወር የሚባል ፈቃድ በእርግጥ አለ፤ የተሰጠው ግን ለጎብኚ ነው። መኪናው በአገሩ የተመዘገበና ግብሩ የተከፈለ፣ ባለቤቱም ብሪታኒያ ሊኖር ያልመጣ ከሆነ፣ በአንድ ጉዞም ሆነ በተቆራረጡ ጉዞዎች በ12 ወር ውስጥ በጠቅላላው እስከ ስድስት ወር ድረስ ሳያስመዘግብ ሊነዳ ይችላል። ቤት የተከራየ፣ ሥራ የጀመረ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ግን ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ሲሆን ደግሞ ያ ፈቃድ እሱን አይመለከተውም። ጸሐፊው ጎብኚንና ነዋሪን በአንድ ቃል «የገባ ሰው» ብለው ስለጠሯቸው ልዩነቱ ከጽሑፉ ውስጥ ጠፍቷል። ምናልባትም በኅብረቱ አገሮች መካከል የሚዛወር ሰው መኪናውን ቢዘገይ በስድስት ወር ውስጥ እንዲያስመዘግብ የሚጠይቀው ደንብ ተምታቶባቸው ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን አንዳንድ አገሮች ያሳጥሩታል።

ለነዋሪ በእርግጥ የሚቆጠረው 14 ቀን ነው። መኪናው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ የብሪታኒያ ገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ኤች.ኤም.አር.ሲ፣ «ኖቫ» በሚባለው ሥርዓት በኩል እንዲያውቀው መደረግ አለበት። ይህ ማሳወቂያ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ የመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት፣ ስዋንዚ ከተማ የሚገኘው ዲ.ቪ.ኤል.ኤ፣ ማመልከቻውን አይቀበልም። ጸሐፊው ስለ 14ቱ ቀን አንዲት ቃል አለመጻፋቸው ከሁሉ ያስገረመኝ ነገር ነው። በተጨማሪም የማስመዝገቡ ሂደት እስኪያልቅ ድረስ መኪናውን በሕዝብ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ሊከሰስ ይችላል፤ ከዚህ ነጻ የሚሆነው አስቀድሞ ቀጠሮ ወደ ያዘለት ምርመራ ሲሄድ ብቻ ነው። እኔ መኪናዬን አንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ አቁሜ ሰባት ሳምንት በአውቶቡስ ሄጃለሁ። በዚያ ሰሞን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ስድስት ወር እያለህ ምን አስቸኮለህ?» ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም «የጀርመኑ መድን እስከዚያው ይሸፍናል፤ አረንጓዴ ካርድም አይጠየቅም» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርስ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው እወዳለሁ። አረንጓዴ ካርድ፣ ማለትም መኪናው በውጭ አገርም መድን እንዳለው የሚያሳየው ማስረጃ፣ እንደማይጠየቅ ትክክል ብለዋል፤ የጀርመን ታርጋ ያለው መኪና ዛሬም ካርዱን ሳይዝ ዶቨር ይገባል። ችግሩ ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ነው። ከ1953 ጀምሮ የሚሠራው የአረንጓዴ ካርድ ሥርዓት የተዘረጋው ለተጎጂው ነው፦ የውጭ ታርጋ ያለው መኪና አንድን እግረኛ ቢገጭ፣ እግረኛው ካሳውን ፍለጋ ባሕር ሳይሻገር በገዛ አገሩ ባለው ቢሮ በኩል እንዲያገኝ። አሽከርካሪውን ከኩባንያው ጋር ከሚገጥመው ክርክር አያድነውም። በጀርመን የመድን ውል ሕግ መሠረት ደንበኛው ስጋቱን ከፍ የሚያደርግ ለውጥ ሲፈጠር ለኩባንያው ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ መኪናው ለዘለቄታው ወደ ሌላ አገር፣ ያውም በግራ ወደሚነዳበት አገር መዛወሩን ኩባንያው እንዲህ ያለ ለውጥ ነው ብሎ ለመከራከር ብዙ አይቸገርም። ደንበኛው ይህን ሳይናገር አደጋ ቢያደርስ ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ደንበኛው ሊያዞር ይችላል፤ ለራሱ መኪና መጠገኛ የገባው መድን ደግሞ ይበልጡን ለክርክር የተጋለጠ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ከጀርመን ሲወጣ አድራሻውን እንደሚሰርዘው ሁሉ መኪናውንም ከመዝገብ ያሰርዛል፤ ካላሰረዘ የመኪናው ግብር መቁጠሩን ይቀጥላልና። መኪናው ከመዝገብ በተሰረዘ ዕለት ግን ታርጋው ዋጋ ያጣል፤ ከታርጋው ጋር የተያያዘው መድንም ያበቃል። ስለዚህ አሰርዞ በዚያው ታርጋ ወደ ካሌ የሚነዳ ሰው በሦስት አገር መንገድ ላይ ያለ መድን እየሄደ ነው። ለዚህ የተዘጋጀው መውጫ፣ ማብቂያ ቀኑ በቀይ መደብ ላይ የተጻፈበት የጀርመን የመላኪያ ታርጋ ነው፤ የራሱ የአጭር ጊዜ መድን አለው፤ ቀኑ ሲያልፍም ሁለቱ አብረው ያልቃሉ።

ብሪታኒያ ውስጥ ያለ መድን የተገኘ ሰው ምን ይጠብቀዋል? ነገሩ በቦታው ከተቋጨ 300 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃዱ ላይ ስድስት ነጥብ ይያዝበታል፤ ፍርድ ቤት ከደረሰ የገንዘቡ ጣሪያ የለውም፤ ከመንዳትም ሊታገድ ይችላል፤ ፖሊስም መኪናውን የመውሰድ፣ አልፎም የማስጨፍለቅ ሥልጣን አለው። የብሪታኒያ መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሰው ስድስቱ ነጥብ መንጃ ፈቃዱን የሚያሳጡ ናቸው። እኛ አገር ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ መስታወት ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት እንደሚያየው እዚህ አይደለም፤ ታርጋ አንባቢ ካሜራ ቁጥሩን ከመድን መዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ የጀርመን ታርጋ ደግሞ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

ታዲያ የብሪታኒያ ታርጋ ሳይኖር የብሪታኒያ መድን እንዴት ይገባል? ጸሐፊው «አይቻልም» ብለው ያለፉት ይህን ነው፤ ይቻላል። መድኑ በሻንሲ ቁጥር ይገባል፤ ታርጋው ሲወጣ ተደውሎ ይተካል። ዋጋ የሚያወዳድሩት ድረ ገጾች በመጀመሪያው መስመር ታርጋ ስለሚጠይቁ ለዚህ አይሆኑም፤ ስልክ አንሥቶ ሦስት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፦ በሻንሲ ቁጥር ትቀበላላችሁ ወይ፣ መሪው በግራ የሆነ መኪና ትቀበላላችሁ ወይ፣ ከውጭ የገባ መኪናስ? እኔ ስምንት ቦታ ደውዬ ሁለቱ ብቻ ለሦስቱም «አዎ» አሉኝ፤ የአንዱ አረቦን ከሌላው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም ነበር። አረቦን ለማሳነስ ብሎ «ከውጭ የገባ ነው ወይ?» ለሚለው «አይደለም» ብሎ መመለስ ግን አያዋጣም፤ በ2012 የወጣው የሸማቾች የመድን ሕግ ደንበኛው በተጠየቀው ነገር ላይ እንዳያሳስት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ ከዋሸ ኩባንያው ውሉን እንዳልነበረ ሊቆጥረው ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ጉምሩክ ነው። መኪና ከቤት ዕቃ ጋር ከቀረጥ ነጻ ሊገባ እንደሚችል ጸሐፊው የጻፉት መሠረት አለው፤ በራሱ የሚመጣ አድርገው ማቅረባቸው ግን ሰው ያከስራል። ነጻ የሚያደርገው የመኖሪያ ዝውውር እፎይታ የሚባለው ነው፤ የሚገኘውም በማመልከቻ፣ ይልቁንም ከመዛወር በፊት በሚቀርብ ማመልከቻ ነው። አመልካቹ ከብሪታኒያ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር የኖረ፣ መኪናውንም ከመዛወሩ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር በእጁ ይዞ የተጠቀመበት መሆን አለበት። ሲፈቀድለት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመግቢያው ዴክላራሲዮን ላይ የሚሞላውም ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሳይኖር የገባ መኪና ከዋጋው ላይ 10 በመቶ ቀረጥ፣ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብበታል። የ10,000 ፓውንድ መኪና ቢሆን ማጓጓዣውን ሳንቆጥር ቀረጡ 1,000፣ ታክሱ 2,200፣ በድምሩ 3,200 ፓውንድ ይሆናል። ኅብረቱ ውስጥ መመረቱን በተገቢው ሰነድ ያስመሰከረ ሰው ቀረጡ ሊቀርለት ይችላል፤ ታክሱ ግን አይቀርለትም። «ለመዛወር እንዲመቸን» ብለው ከመነሣታቸው ሁለት ወር በፊት መኪና የሚቀይሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ስድስቱን ወር ስለማያሟሉ እፎይታውን በገዛ እጃቸው ያጡታል።

በአራተኛው ነጥብ ጸሐፊው የጀርመኑ ምርመራ፣ እዚያ ያለን ሁላችን «ቲዩፍ» የምንለው፣ ገና ጊዜው ያላለፈ ከሆነ በቂ ነው ይላሉ። አይደለም፤ ብሪታኒያ አትቀበለውም። ሦስት ዓመት የሞላው መኪና ከመመዝገቡ በፊት ኤም.ኦ.ቲ የሚባለውን የአገሩን ዓመታዊ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ የእኛን የቦሎ ምርመራ እንደማለት ነው፤ ታርጋ ከሌለው በሻንሲ ቁጥር ይመረመራል። ወደ ምርመራው ሲሄድም ቢሆን መድን ሊኖረው ይገባል፤ የቀጠሮው ነጻነት የመድንን ግዴታ አያነሣም። ከዚህ ሌላ መኪናው ለብሪታኒያ መንገድ የተመቸ መሆኑን የሚያረጋግጥ የብቃት ፈቃድ አለ። መሪው በግራ ለሆነ የአውሮፓ መኪና ይህ ፈቃድ ሦስት ነገር ይመለከታል፦ የፊት መብራቱ ዝቅ ሲል ወደ ግራ እንዲያበራ፣ የፍጥነት መለኪያው ማይልን እንዲያሳይ፣ የኋላው የጉም መብራትም በቀኝ በኩል ወይም መሐል ላይ እንዲሆን። ጋራዥ ሠርቶ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ማመልከቻው ከማረጋገጫው ጋር ይላካል። ለጸሐፊው ልመሰክርላቸው የምችለው አንድ ነገር ቢኖር 10 ዓመት ያለፈው የቤት መኪና ከዚህ ፈቃድ ነጻ መሆኑን ነው፤ ምናልባት የሳቸው መኪና ያረጀ ነበር። ከኤም.ኦ.ቲ ግን ያ አያድንም።

የማስመዝገቢያው ቅጽ ቪ55/5 ይባላል፤ ክፍያው 55 ፓውንድ ነው፤ የመኪናው ዓመታዊ ግብር ለብቻው ይታከልበታል። ከቅጹ ጋር የጀርመኑ ሊብሬ ዋናው፣ ክፍል አንዱም ክፍል ሁለቱም፣ በፖስታ ስለሚላክ አስቀድሞ ኮፒ ማንሣት አይረሳ። ይህን ሁሉ ያለ ደላላ መጨረስ ይቻላል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

እግረ መንገዴን፣ በጽሑፉ ጭራሽ ያልተነሣ አንድ ነገር ላንሣ፤ ለንደን ለሚገባ ሰው ከቀረጡ ይልቅ የሚያቃጥለው እሱ ሊሆን ይችላልና። ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ ዩሌዝ የሚባለው የጭስ ቁጥጥር ቀጠና ሁሉንም የለንደን ወረዳዎች ይሸፍናል። ቤንዚን ከሆነ ዩሮ 4፣ ናፍጣ ከሆነ ዩሮ 6 ደረጃን የማያሟላ መኪና በተነዳበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። ጀርመን ውስጥ አረንጓዴ የጭስ ምልክት ለጥፎ መሐል ከተማ ሲገባ የኖረ ባለ ዩሮ 5 ናፍጣ መኪና እዚህ ከፋይ ነው፤ በየቀኑ ቢነዳ በዓመት ከ4,500 ፓውንድ ያልፋል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ከዚህ በላይ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ላያስፈልገው ይችላል።

አምስተኛው፣ «መድን ከተገባለት ቤተሰብ ሁሉ ሊነዳው ይችላል» የሚለው፣ ከአገራችንና ከጀርመን ልማድ የመጣ ግምት ነው። በሁለቱም ቦታ የሦስተኛ ወገን መድን በመሠረቱ መኪናውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጀርመን ውስጥ በውሉ ያልተጠቀሰ ሰው ቢነዳ ኩባንያው ለተጎጂው ይከፍላል፤ ከደንበኛው ጋር ስለ ተጨማሪ አረቦን ወይም ስለ ውል ቅጣት በኋላ ይነጋገራል። ብሪታኒያ ውስጥ መድኑ የሚሸፍነው በውሉ ላይ ስማቸው የሰፈረውን ሰዎች ነው። ስሙ የሌለ ወንድም መሪውን በጨበጠ ደቂቃ መድን የሌለው አሽከርካሪ ሆነ ማለት ነው፤ ቁልፉን የሰጠውም ሰው «ፈቅደሃል» ተብሎ በዚያው ወንጀል ይጠየቃል፤ ስድስቱም ነጥብ ለሁለቱም ነው። ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ እንግዳ ከኤርፖርት ለመቀበል መኪና መዋዋስ ለለመድን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በለንደን ኢትዮጵያውያን መካከል ሰው በየዋህነት ነጥብ ሲያዝበት ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። መፍትሔው ስሙን ማስጨመር ወይም ለአንድ ቀን እንኳ የሚሸጠውን የአጭር ጊዜ መድን መግዛት ነው።

ስም ከማስጨመር በፊት ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ማየት ይገባል። የጀርመን መንጃ ፈቃድ ብሪታኒያ ለሚኖር ሰው በጥቅሉ እስከ 70 ዓመት ዕድሜው ያገለግላል፤ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ግን ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተፈትኖ ማለፍ ነው። መንጃ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ስሙ በውሉ ቢጻፍም መድኑ አይሠራለትም።

ስድስተኛው ላይ ጸሐፊው ከሚገባው በላይ ጨልመዋል። ያለ ካሳ ጥያቄ የተነዳበት ዘመን ድንበር ይሻገራል፤ የሚሻገረው ግን በወረቀት ነው። የጀርመን ኩባንያ ደንበኛው ሲጠይቀው የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት የካሳ ታሪክ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጥ የኅብረቱ ሕግ ያስገድደዋል። የብሪታኒያ ኩባንያ ይህን ወረቀት የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም የሚቀበሉ አሉ፤ በተለይ በእንግሊዝኛ ከተጻፈና መድኑ ከተቋረጠ ብዙ ካልቆየ። በጀርመን «አሥራ አምስተኛ ደረጃ ላይ ነኝ» ማለት እዚህ ትርጉም የለውም፤ ወረቀቱ ላይ በቁጥር መጻፍ ያለበት ያለ ካሳ ጥያቄ ያለፉት ዓመታት ብዛት ነው። ወረቀቱ ውሉ ከመቋረጡ በፊት ይጠየቅ፤ እኔ ለንደን ከገባሁ በኋላ በስልክ ስጠይቅ ለማግኘት አንድ ወር ተኩል ፈጅቶብኛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የከፈልሁትን ተጨማሪ አረቦን ማንም አልመለሰልኝም።

የቀረው «ካልተመቸ ሸጦ መገላገል ነው» የሚለው ነው። በመኖሪያ ዝውውር እፎይታ ያለ ቀረጥ የገባ መኪና በገባ በ12 ወር ውስጥ ሊሸጥ፣ ሊከራይ ወይም ለሌላ ሊዋስ አይችልም፤ ከሆነም የቀረው ቀረጥና ታክስ ይጠየቅበታል። ከዚያም ቢታለፍ መሪው በግራ ለሆነ መኪና እዚህ ገዢ ጥቂት ነው፤ የሚገኘውም ገዢ ዋጋውን የሚጀምረው ከዚያ ጉድለት ነው። እኔ የሸጥሁት በ14ኛው ወር ላይ ነው፤ ለሊድስም ለበርሚንግሃምም ሰዎች አሳይቼ፣ በመጨረሻ የወሰደው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፖላንድ የሚመለስ አንድ የቀለም ሠራተኛ ነበር፤ መሪውን አይቶ ዋጋ ያልቀነሰ እሱ ብቻ ነው፤ የጠየቀኝም የፍጥነት መለኪያው ተመልሶ ኪሎ ሜትር ያሳይ እንደሆነ ነበር።